ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ደመወዙ በአማርኛ

እስኪ ዛሬ የወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች አገላብጣችሁ እዩ። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውንም፣ በቴሌግራም የሚዘዋወረውንም። «ተፈላጊ ችሎታ» ከሚለው ሥር ዲግሪው፣ የሥራ ልምዱ፣ ፒችትሪው ይደረደርና መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ትመጣለች፦ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገርና የሚጽፍ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይሁን፣ ገንዘብ ተቀባይ ይሁን፣ መስመሯ አትቀርም። እኔ የምለው ይህቺ መስመር በአብዛኛው ማስታወቂያ ላይ የምትሠራው ሥራ የላትም። ያላት አንድ ሥራ ሰው ከበር መመለስ ነው።

ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። መካከለኛ የንግድ ድርጅት ውስጥ ያለ የሂሳብ ሠራተኛ ቀኑን ከማን ጋር ያሳልፋል? ከሾፌሩ ጋር ስለ ነዳጅ ደረሰኝ በአማርኛ ይጨቃጨቃል። ገቢዎች ሄዶ ተሰልፎ ስለ ቫት በአማርኛ ይከራከራል። ለባንኩ «ጉዳዩ፦» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ በአማርኛ ይጽፋል። አለቃው የሚቆጣውም በአማርኛ ነው። የፌዴራል አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ታትሞ በመካከላቸው ልዩነት ቢገኝ እንኳ የሚጸናው የአማርኛው እንደሆነ በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ደንግጓል። ፒችትሪ በእንግሊዝኛ ነው፣ እውነት። ግን ፒችትሪን ቁጭ ብሎ የሚያወራው የለም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ሦስት ሰው ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ «ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» ይላል። ሰባት ዓመት የሠራው ሰው ላብ ያጠምቀዋል። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ይችል እንደሆነ፣ የጎደለ ደረሰኝ ቢገጥመው ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቀው የለም። ቢጠየቅም በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያውቀውን ግማሹን ይውጠዋል። «የምትጠብቀው ደመወዝ ስንት ነው?» ላይ ሲደረስ ሁሉም በአንዴ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ገንዘብ ላይ አለመግባባት እንዳይፈጠር መሆኑ ነው!

«ዲግሪውን በእንግሊዝኛ ተምሮ እንዴት መናገር ያቅተዋል?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል ይላል። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያስረዳል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ምርጫ ያጠቁራል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ «ተነስና አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ ተናገር» ያለው ሰው ላይኖር ይችላል። እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላው ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ግቢ ውስጥ አማርኛ ተናገርክ እየተባለ ሲቀጣ አድጓል። ሁለቱ አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲገናኙ የሚያልፈው ማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የተመዘነው ሂሳብ አሠራራቸው ሳይሆን የወላጆቻቸው ኪስ ነው።

እናም ያ የመጀመሪያው ልጅ ዛሬ አባወራ ሆኖ፣ የቤት ኪራዩ ጨምሮ፣ ደመወዙ ባለበት ቆሞ፣ ሥራ ልቀይር ሲል የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ካለው ቢሮው ይወጣል። አራት ኪሎ አካባቢ ያለው የማታ ኮርስ 12 ሰዓት ይጀምራል፤ የታክሲ ሰልፉ ካልፈቀደ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቀረ። ክፍሉ በደከመው ሰው ሞልቷል። የዛሬው ትምህርት ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። አምና ሌላ ቦታ ከፍሎ የተማረውም ፕረዘንት ፐርፌክት ነበር። 2 ሰዓት ላይ ይለቀቃል፣ ቱሉ ዲምቱ ሲገባ ልጁ ተኝቷል። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ኢርፎኑን ሰክቶ ዩቲዩብ እየሰማ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ አጠገቡ የተቀመጡት እናት የሚጸልይ መስሏቸው ቦታ ይለቁለታል። ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ደግሞ «ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» ብሎ ያስፈቅዳል። በወር ሦስቴ የሚታመም ባልደረባ ካላችሁ ሥራ እየፈለገ ነው፣ ዝም በሉት። ያንን ሁሉ ማታ የታክስ መመሪያ ለማንበብ ወይም ኤክሴሉን ለማጥራት ቢያውለው የሚቀጥረውም ድርጅት ይጠቀም ነበር።

እንግሊዝኛ አይጠቅምም አላልኩም። ተማሩ፣ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። ከውጭ አቅራቢ ጋር የሚጻጻፍ የግዥ ሠራተኛ፣ እንግዳ የሚቀበል የሆቴል ሠራተኛ፣ ለለጋሽ ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ ያለ እንግሊዝኛ አይሆንለትም። እንግዲያው ማስታወቂያው እንደዚያ ይበል። «ከአቅራቢዎች ጋር በኢሜይል የሚጻጻፍ» ተብሎ ይጻፍ፤ ፈተናው ቀን አንድ ኢሜይል ሰጥታችሁ መልስ አስጽፉት። ደግሞስ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ፈቅዶላችሁ የለም እንዴ? አዋጅ 1156/2011ን አንብቡት። ሰውየው ሥራውን ካልቻለ በዚያ ጊዜ ታሰናብቱታላችሁ። ለግማሽ ሰዓት ጨዋታ የሰባት ዓመት ልምድ መጣል ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

የሚገርመኝ ደግሞ ሌላው ነው። ሰበታ ወይም ቢሾፍቱ ቅርንጫፍ የሚመደብ ሰው በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ይገባል። በማግስቱ መስኮቱ ላይ የቆሙት አዛውንት በኦሮምኛ ይጠይቁታል፣ እሱ ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛውን አስተርጓሚ አድርጎ ይጠራል። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና ትግርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ መንግሥት በ2012 መወሰኑን ሁሉም በዜና ሰምቷል። ሦስት ወር የማታ ኮርስ መግባት ካለበት ለአዛውንቷ የሚመልስበትን ቋንቋ ቢማር አይሻልም? ቋንቋ የሥራ መሣሪያ ነው ካላችሁ፣ ደንበኛው በሚናገረው ፈትኑት።

እዚህ ቻናል ላይ በሰው ኃይል አስተዳደር የምትሠሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ክፍሉን ሂዱና ጠይቁት፦ እዚህ መደብ ላይ ያለው ሰው ባለፈው ወር በእንግሊዝኛ ያነጋገረው ማንን ነው? ስም ካልጠሩላችሁ መስመሯን ሰርዟት። ስም ከጠሩላችሁ ደግሞ ለምን እንደሚፈለግ በግልጽ ጻፉት፣ ሰውየውም የማታ ኮርሱን ለየትኛው ሥራ እንደሚማር ይወቅ።