አንድ ቍጥር በብዙ ልብስ

የፎገራ ሩዝ ታጭዶና ተወቅቶ ወረታ ላይ ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ እንደ ቀድሞው ኹሉ በመቀነት ብቻ ተቋጥሮ አይገባም፤ በቴሌብርና በባንክ በኩል በስልክ ውስጥ ያድራል። ስለዚህ ሌባም አጥር መዝለሉን ትቶ በመልእክት መምጣትን ተምሯል።

በቀደም ዕለት የእኅቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «አጎቴ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ባንኩ ሽልማት ደርሶሻል ይለኛል፤ ሊንኩን ልንካው?» አለችኝ። ባየው የባንክ አድራሻ የለበትም፤ ዐሥር አኃዝ ያለው አንድ ረዥም ቍጥር ብቻ ነው። በስልኩ ያለው የሩዙ ዋጋ የልጆቿ የትምህርት ወጪ ነበረና «ልጄ፣ እጅሽን ሰብስቢ» አልኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት የሚገናኝ መኪና የቤት ቍጥር አለው፤ ይኸውም አይፒ አድራሻ ይባላል። በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 የኾኑ አራት ቍጥሮች በነጥብ ተለይተው ይጻፋሉ። ለማስተማሪያ የተለየውን 192.0.2.1 እንውሰድ። የመጀመሪያው በ16,777,216፣ ኹለተኛው በ65,536፣ ሦስተኛው በ256 ተባዝቶ፣ አራተኛው እንዳለ ቢደመር 3,221,225,985 ይኾናል። ይህ ቍጥር ያለ ነጠላ ሰረዝ በሊንክ ላይ ቢጻፍ የሚያደርሰው ወደዚያው ቤት ነው። ደግሞም በፊቱ ዜሮ የተጨመረበት በስምንት ቤት እንደ ተቈጠረ ይነበባልና 010 ዐሥር ሳይኾን ስምንት ነው። በዐሥራ ስድስት ቤት የሚቈጠርበትም አጻጻፍ አለ።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፻ እና 100 አንድ ናቸው፤ የዓድዋ ድልም በእኛ 1888፣ በአውሮፓውያን 1896 ነው፤ ቀኑ ግን አንድ ነው። ቍጥር ልብስ ቢለውጥ በደል የለበትም፤ በደሉ ለማታለል በሚያለብሰው ሰው ላይ ነው። አታላይ የባንኩን ስም አስቀድሞ ይጽፋል፤ ቀጥሎ «አት» የተባለውን ምልክት፣ ከዚያም ቍጥሩን ያስከትላል። አንባቢ ስሙን አይቶ ያምናል፤ መኪናው ግን ከምልክቱ በፊት ያለውን እንደ ተጠቃሚ ስም ቈጥሮ ወደ ቍጥሩ ይሄዳል።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፣ በቼክ ላይ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ ቢለያይ የፊደሉ ይጸናል። በሊንክ ግን ለዓይን የተጻፈው ስም አይጸናም፤ የሚገዛው ከበስተኋላው ያለው አድራሻ ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሽልማት እያለ በባዶ ቍጥር የሚጠራህን አትከተል፤ የምስጢር ቍጥርህን ለማንም አትስጥ፤ ባንኩን ራሱን ሄደህ ጠይቅ። የተታለለም ሰው መልእክቱን ሳይሰርዝ ለፖሊስ ያቅርብ፤ በኮምፒውተር ማታለል በአዋጅ ቍጥር 958/2008 ወንጀል ነውና፣ ያለ ማስረጃ ግን ክስ አይቆምም።

የእኅቴ ልጅ በማግሥቱ ባንኩን ጠየቀች። ሽልማት የሚባል ነገር የለም አሏት፤ የሩዙ ገንዘብ ግን እንዳለ ነበረ።