ቢጫ ካርድ የያዘ ደጋፊ

ጃንዋሪ 21 ቀን 2013 ሰኞ ነበር (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሚኒያፖሊስ ብርዱ ከዜሮ ፋራናይት በታች ወርዶ መኪና ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ የሆነበት ጠዋት ነው። የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቀን በመሆኑ ብዙዎቻችን ሥራ አልገባንም። በሲዳር ሪቨርሳይድ ባለች አንዲት ቡና ቤት፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃውን ብሔራዊ ቡድናችንን ለማየት ከወንበሮቿ ቁጥር በላይ ሰው ተሰብስቧል። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲስት ቤቱ ጸጥ አለ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ቤቱ ጮኸ። አዳነ ግርማ የአቻነቷን ግብ ሲያስቆጥር ደግሞ ሁሉም የማያውቀው ሰው አንገት ላይ ተጠመጠመ። በ10 ሰው ተጫውተን ከወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር አንድ ለአንድ ወጣን። ጨዋታው አልቆ ክርክሩ ገና ሲጋጋል የቤቱ ባለቤት ጣቢያውን ቀየረች፤ ባራክ ኦባማ ለሁለተኛው የሥልጣን ዘመን ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ነበር። ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ከሁለት ወር ተኩል በፊት ድምፅ የሰጠን የአሜሪካ ዜጎች፣ ፕሬዚዳንታችን ሲምሉ ጀርባችንን ሰጥተን ስለ ሰውነት ቢሻው አሰላለፍ እንሟገት ነበር።

በዚያ ውድድር የቀረው ታሪክ አጭር ነው። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ በአንድ ነጥብ ተመለስን። ሁለቱ አሸናፊዎቻችን ለፍጻሜ ደርሰው እርስ በርስ መጋጠማቸውን፣ ዋንጫውም የናይጄሪያ መሆኑን ስናይ ምድቡ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ገባን። ክርክራችን ግን በዚህ አልለዘበም። አንዱ አሰልጣኙን ይከሳል፤ ሌላው ፌዴሬሽኑን፤ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተጫዋቾቹን ምርጫ፣ ማለትም ማን ከየት እንደተወለደ፣ ያነሣል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላም እነዚያው ሦስት ክሶች ነበሩ። በጃንዋሪ 2022 በካሜሩን በተደረገው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታችን ከኬፕ ቨርዴ ጋር ነበር። እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ የመጡ ነበሩ። ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባየህ በቀይ ካርድ ወጣ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። በካሜሩን 4 ለ 1 ተረታን፤ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ተለያየን። እንደገና አንድ ነጥብ። ልዩነቱ የቡና ቤቷ ወንበሮች መትረፋቸው ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በ2013 አጠገቤ ተቀምጠው ከነበሩት አንዳንዶቹ፣ በዚህ ማልያ መጮህ ከአንደበታቸው አልወጣ ያላቸው ነበሩ። ወቀሳ አልሰነዝርባቸውም። ቡድኑ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከኳስ ሜዳ የመጣ ስላልሆነ በኳስ ሜዳ መልስ አያገኝም።

እዚህ ቡና ቤት የሚሟገቱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ደግሞ አውቃለሁ። አንዱ የሆስፒታል በጀት ያዘጋጃል፤ አንዷ የክልል ትራንስፖርት ዕቅድ ላይ ትሠራለች፤ ብዙዎቹ አንድ ተቋም ሲወድቅ የመጨረሻውን ሠራተኛ ብቻ መውቀስ ስንፍና እንደሆነ በሙያቸው የተማሩ ናቸው። ስለ ዋልያዎቹ ሲሆን ግን ያን ትምህርት ከካፖርታችን ጋር በር ላይ ሰቅለነው እንገባለን።

የሜዳውን ጉዳይ በአጭሩ ላንሣ፤ ብዙ የተባለበት ነውና። በጁን 2022 ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳ ተብለን የተጫወትነው በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ በአገራችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚቀበለው ስታዲየም አልነበረምና። በሴንት ፖል፣ በዩኒቨርሲቲ አቨኑ በኩል በግሪን ላይን ባቡር የምታልፉ ሁሉ የምታዩት አሊያንዝ ፊልድ ግንባታው በዲሴምበር 2016 ተጀምሮ በአፕሪል 2019 ተመርቋል። ከእሱ ቀድሞ የተጀመረው የአዲስ አበባው የአደይ አበባ ስታዲየም ዋልያዎቹ በሊሎንግዌ ሲጨፍሩም አላለቀም ነበር። በባዕድ ሜዳ ‹‹በሜዳችን›› ያሸነፈ ቡድን አሰልጣኝ ላይ ሦስት ሰዓት መሟገት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ይሁን እንጂ ስታዲየም መገንባት እኛ ከዚህ ሆነን የምንወስነው አይደለም። እኛን በቀጥታ የሚመለከተን፣ ባለጉዳይ ሆነን ልንናገርበት የምንችለው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም በዚያ እሑድ ያሸነፈን ቡድን ነው።

ኬፕ ቨርዴ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት የደሴቶች አገር ናት። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ዙሪያቸውን ያሉት ከተሞች ሳይቆጠሩ፣ ከእሷ የበለጠ ነዋሪ አላቸው። ይህች አገር በኦክቶበር 2025 ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አለፈች። ሕዝቧ እንደኛ ተበትኗል፤ በሊዝበን፣ በሮተርዳም፣ በኒው ኢንግላንድ። ያሸነፈን ቡድን አባል የነበረው ተከላካይ ሮቤርቶ ሎፔዝ በደብሊን ተወልዶ ያደገ የኬፕ ቨርዴያዊ አባት ልጅ ነው። የዚያን ጊዜው አሰልጣኝ ያገኙት በሊንክድኢን ነበር። መልእክቱ በፖርቱጋልኛ ስለተጻፈ ልጁ የማይረባ ማስታወቂያ መስሎት ለወራት ሳይመልስ ቆይቷል። ከእኛ መካከል በሊንክድኢን ከኢትዮጵያ ‹‹የኢንቨስትመንት ዕድል›› ያልደረሰው ማን አለ? ‹‹ልጅህ ኳስ ይጫወታል ወይ?›› የሚል መልእክት የደረሰው ግን አላውቅም። ሞሮኮም በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከ26ቱ ተጫዋቾቿ 14ቱ ከአገሪቱ ውጭ የተወለዱ ነበሩ።

መልእክቱ ቢመጣስ? እዚህ ላይ ሕጉ ይቆማል። አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላስታወቀ፣ በዝምታው እንደተወ ይቆጠራል። ወላጆቹ ሁለቱም ቀድመው አሜሪካዊ ከሆኑ ደግሞ ያቺም አንድ ዓመት የለችም፤ ከመነሻውም ኢትዮጵያዊ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን ሊነጠቅ እንደማይችል ይደነግጋል፤ አዋጁ ያንን የሚያልፈው ‹‹ፈቃድ›› የሚለውን ቃል እስከ ዝምታ ድረስ በመለጠጥ ነው።

በምትኩ የተሰጠን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው። ስሙን ያወጣለት ሰው ኳስ አዋቂ ሳይሆን አይቀርም። በእሱ ያለ ቪዛ ትገባለህ፤ ትሠራለህ፤ ንብረት ታፈራለህ። አትመርጥም፤ አትመረጥም። ፊፋ የሚጠይቀው ደግሞ የአገሪቱን ዜግነት ነው፤ ቢጫ ካርድ ፓስፖርት አይደለም። ሜዳ ላይ ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች እንኳ ጨዋታውን ይቀጥላል፤ የእኛው ግን ከመስመሩ ውጭ የሚያቆም ነው።

የሚኒሶታ ሰው ‹‹ፉአድስ?›› ማለቱ አይቀርም። ድሬዳዋ ተወልዶ እዚህ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም የሚኒሶታ ስታርስ ተጫዋች ሳለ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በዋልያዎቹ ስብስብ ውስጥ ተካቶ ነበር። በዚያ ሰኞ ጠዋት የቡና ቤቷ ግማሽ ሰው ዘመዱ የሆነ ይመስል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ያለፈበት በር መንገድ አይባልም። ፉአድ በኢትዮጵያ ምድር የተወለደ ነው፤ እኔ የማነሣቸው በሴንት ፖል ሆስፒታሎች የተወለዱትን ነው።

ሁለት ተቃውሞዎችን በቁም ነገር እወስዳለሁ። የመጀመሪያው የአርባ ምንጩ ልጅ ጉዳይ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ተጫዋች በከተማ ዳርቻ አካዳሚ በገንዘብ የሠለጠነ ልጅ ቦታውን ለምን ይውሰድበት? መልሴ በከፊል መስማማት ነው። ከውጭ የሚመጡ ልጆች የአገር ውስጥ ሥልጠና ባዶነትን የሚሸፍኑ ማልበሻ ከሆኑ ጉዳቱ ይበልጣል። ሁለተኛው ደግሞ ‹‹ልቡ ወዴት ነው?›› የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫችን ነው። በ1962 በአዲስ አበባ፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት ግብጽን 4 ለ 2 ስናሸንፍ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ግብ አስቆጠረ፤ ከቀሩት ሁለት ግቦች አንዷ የኢታሎ ቫሳሎ ነበረች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል የኢታሎ ወንድም ሉቻኖ ነው፤ አሥመራ ውስጥ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ። በደርግ ዘመን እሱም ተሰደደ፤ እንደኛ። ያን ቀን ስለ ልቡ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምንኮራበት ዋንጫ ባልኖረንም ነበር።

በራሳችንም ላይ አንድ ነገር ልበል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጁላይ 2018 በታርጌት ሴንተር ሲቀበሉን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በዚያው ወር በቀን አንድ ዶላር አዋጡ ተባልን፤ ከዚያ በፊትም ለኋላም የግድቡን ቦንድ ግዙ ተብለናል፤ ገዝተናልም። ጥምር ዜግነትን ስንጠይቅ ግን ዘወትር ስለ ቤትና ስለ መሬት ነበር የምንናገረው። ከመንግሥት ጋር በንብረት ቋንቋ ብቻ የሚነጋገር ሰው እንደ ባለሀብት ቢቆጠር ሊገርመው አይገባም። የልጆቻችንን ስም በዚያ ጥያቄ ውስጥ አላስገባነውም።

ባለፈው እሑድ አንድ የቆየ ወዳጄ ከልጁ ጋር መጣ። ልጁ እዚሁ በአንድ የወጣቶች ክለብ የግራ ተመላላሽ ነው። ሲወለድ አባቱ ገና የአሜሪካ ዜግነት አላገኘም ነበር፤ ስለዚህ የአንድ ዓመቷ ጊዜ ለእሱ አለች፤ በመጪው ማርች 18 ዓመት ሲሞላው ትጀምራለች። ሕጉን እንደቻልኩ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ ‹‹ጋሼ፣ ታዲያ እዚህ ያለውን ፓስፖርት የምመልሰው ከመመረጤ በፊት ነው ወይስ በኋላ?›› አለኝ። አባቱ ሳቀ፤ እኔ ‹‹በፊት›› አልኩት። ልጁ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።