ጀበናውም ይጻፍ



ፈርመን ወደ ትምህርት ቤት የምንመልሰው፣ ግን አንድ ቃል ያላነበብነው ወረቀት ስንት ነው? ሰሞኑን በቂርያት ጋት በየቤታችን የገባው የቤት ሥራ ይህንኑ አስታውሶናል። ልጆች ዕቃ ሆነው፣ በዕቃው አንደበት፣ ባለቤቱን የሚያሳምን ደብዳቤ እንዲጽፉ ታዘዋል። አንዱ ፍሪጅ ሆነ፤ ሌላዋ እርሳስ ሆነች። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ስለሆነ እናት ፈርማ ከመመለስ በቀር ድርሻ የላትም።

“ዕቃ መቼ ተናግሮ ያውቃል? የሕፃን ጨዋታ ነው” የሚሉ ወላጆች አሉ። አንስማማም። በ2013 በአሜሪካ የታተመው የድሩ ዴይዎልት የልጆች መጽሐፍ፣ ቀለሞች ለባለቤታቸው ለአንድ ልጅ አቤቱታ የሚጽፉበት ነው። እኛስ ብንሆን ማታ ማታ “እንቆቅልሽ”፣ “ምን አውቅልህ” እየተባባልን፣ መልሱ ሲጠፋን አገር እየሰጠን ያደግን አይደለንም? ደግሞም በፍርድ ቤት ደጃፍ ከፍለን ማመልከቻ ያስጻፍን ሰዎች የደብዳቤን ዋጋ እናውቃለን። ዛሬ ያንን ሥራ ለቤተሰቡ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ማሳመንን ይማር።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ለምን ሁልጊዜ ፍሪጅ? በቡፌው ላይ ለጌጥ የተቀመጠው ጀበና የሚለው የለውም?

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ። ገበያተኛው ድስቱንና ጀበናውን ይገዛል፤ ሠሪዋን ግን “ቡዳ” ብሎ ይሸሻታል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ሲመጣ የቤቱ ዕቃ እዚያው ቀረ። ጀበና ብዕር ቢይዝ የሚጽፈው ብዙ ነው። ልጁ ግን ይህን ከመምህሩ አያገኘውም። አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ እንዴት እንደሚቦካ፣ በኩበት እንዴት እንደሚተኮስ አያቱን መጠየቅ አለበት። በዚያች ማታ አስተማሪዋ እሷ ናት፤ በዕብራይስጥ አለማወቋ ምክንያት ከልጅ ልጇ ፊት ያነሰችው ሴት!

“አማርኛ ልጁን ያደናግረዋል፣ ከዕብራይስጡ ወደ ኋላ ይጎትተዋል” የሚል ምክርም ይሰጠናል። ምክሩን የሚሰጡን ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች መሆናቸው ይገርመናል። የሚያሳምን ሰው አስቀድሞ አንባቢውን ያውቃል። ለመምህሩና ለእናቱ ሁለት ደብዳቤ የጻፈ ልጅ ትምህርቱን ሁለት ጊዜ ሠርቷል እንጂ አልተደናገረም።

ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ቢሆንስ? ይናገር፤ አባት ይጻፍ። አባትም ካልቻለ ልጁ አማርኛውን በዕብራይስጥ ፊደል ያስፍረው፤ ለእናቱ ጮክ ብሎ እስካነበበላት ድረስ ፊደሉ አያጣላንም።

መምህራንን የምንጠይቀው ሁለተኛውን ደብዳቤ እንደ ቤት ሥራ ቆጥረው ነጥብ እንዲሰጡት ነው። ወላጆች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ጥያቄ በአስተርጓሚ አስነሡ፤ አስተርጓሚው የራሳችሁ ልጅ ግን አይሁን።