ሠርቶ የሚከስር ተቋራጭ፦ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ወገን! በየከተማችን ፌሮው ዝጎ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ስንት ጅምር ፎቅ አለ? ቁጠሩት እስኪ። እኛ «ተቋራጩ በልቶት ነው» ብለን እናልፋለን። አንዳንዱ እውነትም በልቶት ነው። ሌላው ግን ሠርቶ፣ ቢል አስገብቶ፣ ክፍያ ሲጠብቅ ነው እጁ ያጠረው። ሳይት ሲቆም ደግሞ ተቋራጩ ብቻ አይደለም የሚቆመው። ፎርማኑ፣ ግንበኛው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ እንደኔ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ቤት የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ይሄ የሀብታም ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የእኛ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ችግሩ ከየት መጣ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። መለዋወጫው፣ ጎማው፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው፣ የፌሮው ጥሬ ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። በድሮ ዋጋ ውል የፈረመ ልጅ ምን ያድርግ? ባንክ እንዳይሄድ፣ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ ላይ ገድቦት ነበር። ገደቡ በኋላ ላላ ቢልም፣ ብድር ሲጠብ መጀመሪያ ከሰልፉ የሚወጣው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ትንሹ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? ማልቀስ አይደለም። በሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው፣ የሠራበትን መክፈል ነው። ለተቋራጭ ከሁሉ የሚረክሰው ገንዘብ የራሱ ገንዘብ ነው፤ ወለድ የለውም፣ ማስያዣ አይጠይቅም። አማካሪው ያጸደቀው የክፍያ ሰርተፍኬት ወራት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ግን ተቋራጩ ለመንግሥት በነፃ እያበደረ ነው ማለት ነው። ብዙ ውል ላይ ለዘገየ ክፍያ ወለድ ይከፈላል የሚል አንቀጽ አለ። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ጠይቆስ ቀጣዩን ሥራ ማን ይሰጠዋል? ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ተቋራጭ ሳይሆን የሁላችን መሆን አለበት። በጀት ያልተያዘለት ፕሮጀክት ጨረታ አይውጣ! የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ቢል መክፈል ነው ቁም ነገሩ።

ሁለተኛው፣ የማስያዣ ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት የ20 ሚሊዮን ብር ሥራ አሸነፈ እንበል። ቅድመ ክፍያው እስከ 30 በመቶ፣ ማለትም 6 ሚሊዮን ሊሆን ይችላል። ግን ገንዘቡን ለመውሰድ የዚያኑ ያህል ዋስትና አምጣ ይባላል። በዚያ ላይ የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ፣ 2 ሚሊዮን ብር። ባንኩ ይህን ዋስትና ለመስጠት ቤት ወይም መኪና አስይዝ ይለዋል። ቤት የሌለው ልጅ ጨረታ ቢያሸንፍም በሩ ላይ ቀረ ማለት አይደለም እንዴ?

ሕጉ ግን መንገድ ከፍቷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንም፣ ዕቃም፣ ተሰብሳቢ ሂሳብም ማስያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። እስኪ ንገሩኝ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት «3 ሚሊዮን ብር አለብኝ» ብሎ የፈረመበት ሰርተፍኬት ከአንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት በምን ያንሳል? ባንኮች «መንግሥት መቼ እንደሚከፍል አናውቅም» ይላሉ። ስጋታቸው ውሸት አይደለም። ግን መልሱ አንደኛው ነጥብ ላይ ነው ያለው፦ ክፍያው ቀን ይኑረው፣ ሰርተፍኬቱም ማስያዣ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ማሽን በሊዝ ነው። ማሽን ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ የግድ አይደለም። በልማት ባንክ የሊዝ አሠራር ተከራዩ 20 በመቶ ሲያዋጣ፣ ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ ያቀርባል፤ ዕዳው እስኪያልቅ ማሽኑ የባንኩ ነው፣ ማስያዣውም ራሱ ማሽኑ ነው። አዲስ ካፒታል፣ ዋልያ ካፒታልን የመሳሰሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማትም ለዚሁ የተቋቋሙ ናቸው። ለብሎኬት ማምረቻ፣ ለጠጠር መፍጫ ተደራጅታችሁ አንኳኩ። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ሥራ ሳትይዝ ማሽን አታምጣ። የቆመ ማሽን ቀለብ እየበላ እንደሚተኛ በሬ ነው።

አራተኛው፣ እርስ በርስ መደጋገፍ ነው። ሦስት ትንንሽ ተቋራጮች ለየብቻ ከሚሞቱ በሽርክና ቢገቡ አንዱ ማሽን፣ አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ ገንዘብ ያመጣል። እቁብን የፈጠረ ሕዝብ ይሄ ሊከብደው አይገባም። የተቋራጮች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋምም ይቻላል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል። እዚያ ለመድረስ ግን ሂሳቡ በኦዲተር የተመረመረ ድርጅት መሆን ይጠይቃል። ገቢና ወጪን በኪስ ማስታወሻ መያዝ ከዛሬ ይብቃ።

አሁን የራሳችንንም ጉድ እናውራ። ቅድመ ክፍያ ወስዶ ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት መኪና የሚገዛ ተቋራጭ አለ። እሱ የሀገር ልጅ ስለሆነ ብቻ አንከላከልለትም። የሚቀጥለውን ወጣት ዕድል ነው የበላው። አራጣ ውስጥ የሚገባም አለ። አራጣ በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ለመክፈል ብለህ ከገባህበት ፈቃድህንም ቤትህንም ይዞህ ይሄዳል። ከአራጣ በፊት ሥራውን አቀዝቅዝ፣ አሠሪውን በጽሑፍ አሳውቅ፣ ከባንክህ ጋር የዕዳ ማራዘሚያ ተደራደር። ማፈር አያስፈልግም።

ይሄን ሁሉ ለምን አነሳሁ? የአዲስ አበባ–አዳማን ፈጣን መንገድና የአዲስ አበባ–ጅቡቲን ባቡር አስቡ። ብድሩ ከቻይና ኤግዚም ባንክ መጣ፣ ሥራውንም የቻይና ኩባንያዎች ወሰዱት። እነሱን መስደብ አይደለም የኔ ነገር፤ ለራሳቸው ልጆች ሠሩ። ገንዘብ ይዞ የመጣ ሥራውንም ይዞ ይሄዳል። የእኛ ተቋራጭ ግን ከኋላው የሚቆም ባንክ የለውም፣ ከፊቱ ደግሞ ቢል የማይከፍል አሠሪ አለ። በዚህ ዓይነት ውድድር ማን ያሸንፋል?

አይቻልም የሚለንን ግን አንሰማም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የውጭ አበዳሪ እምቢ ባለበት፣ ደመወዛችንና ቦንዳችንም ተጨምሮበት ነው የተሠራው። ዓባይን የገደበ ሕዝብ ለሠራተኛው ልጁ የሠራበትን በቀኑ መክፈል አቃተው ሲባል ማን ያምናል?

ጥያቄያችን አጭር ነው፦ ክፍያ በቀኑ! ሰርተፍኬት ማስያዣ ይሁን! በጀት የሌለው ጨረታ ይቁም!

በየአካባቢያችሁ የቆመ የመንግሥት ፕሮጀክት ካለ ለምን እንደቆመ አሠሪውን ጠይቁ፣ መልሱንም ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ለተቋራጭ ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉት።

ኢትዮጵያ በልጆቿ ትገነባለች!