ለባሕር ኃይሉ ግዥ ክፍት ሥርዓት ይደንገግ

ከጉንደ ወይን እስከ ቀይ ባሕር መንገዱ ሩቅ ነው። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ገበሬ በየክረምቱ መዳረሻ የሚጠብቀው ማዳበሪያ ግን በጅቡቲ ወደብ አልፎ ነው የሚደርሰው። ኢትዮጵያ እንደገና እያደራጀችው ያለው ባሕር ኃይል ምን ይግዛ፣ በምን ዓይነት ውል ይግዛ የሚለው ጉዳይ ስለዚህ ደገኛውንም ይመለከታል። ከፋዩም እርሱ ነው።

ባሕር ኃይሉ በ1988 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ መንግሥት መልሶ እንደሚያቋቁመው ያስታወቀው በ2010 ነበር። በመጋቢት 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ባሕር ኃይሉን ማገዝ ያካተተ የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ በኋላም ከሩሲያ ጋር የትብብር ስምምነት ተደርጓል። የባሕር በር የሌላት፣ የአማራ ክልላችንም ሰላም ያጣባት ሀገር አሁን ባሕር ኃይል ያስፈልጋታል ወይ የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ ራሱን የቻለ ክርክርም ይገባዋል። ገንዘቡ የሚወጣ ከሆነ ግን ይህ ጋዜጣ አንድ አቋም አለው፦ የውጊያ ሥርዓቱ በክፍት አወቃቀር ያልተሠራ አንድም መርከብ መገዛት የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘመናዊ የጦር መርከብ ላይ ራዳሩ ያየውን፣ ሶናሩ የሰማውን አሰባስቦ ለአዛዡ የሚያሳይ፣ መድፉንና ሚሳይሉንም የሚያዝ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ። ሥርዓቱ ዝግ ሲሆን እነዚህ ክፍሎች እርስ በርስ የሚናበቡበትን ደንብ የሚያውቀው አምራቹ ብቻ ነው። ራዳሩ ቢያረጅና ሌላ ኩባንያ የተሻለ በርካሽ ቢያቀርብ እንኳ አይገጥምም። ይህን በየጤና ተቋሙ እናውቀዋለን፤ የላቦራቶሪ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ የሚቀበለው የአንድ አምራች የምርመራ ኬሚካል (ሪኤጀንት) ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሲያልቅ ታካሚው ሌላ ከተማ ይላካል። በክፍት አወቃቀር ግን የመጋጠሚያው ደንብ ተጽፎ በገዢው እጅ ይቀመጣል፤ ብቃት ያለው አቅራቢ ሁሉ በደንቡ መሠረት ሠርቶ ይወዳደራል። ክፍት ይባል እንጂ ምስጢሩ አደባባይ ይውጣ ማለት አይደለም። የምስጢር ቁልፎቹና የመሣሪያው ችሎታ እንደተጠበቁ ይቆያሉ።

የራሳችን ታሪክ ከማንም በላይ ያስተምረናል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ምጽዋ ላይ የተመሠረተው ባሕር ኃይል በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከባት፣ “ኢትዮጵያ” የተባለችው ትልቋ መርከብ ኩራቱ ነበረች። ጠባቂ ጀልባዎቹም በብዛት ከዚያው የመጡ ናቸው። በሚያዝያ 1969 ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ አማካሪዎች ሲያስወጣና ቃኘው የተባለውን የአሜሪካ ጦር ጣቢያ ሲዘጋ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ አቅርቦት ተቋረጠ። በምትኩ ሶቪየት ኅብረት ኦሳ የሚሳይል ጀልባዎችንና ሁለት ፔትያ ፍሪጌቶችን ሰጠች። አንድ ባሕር ኃይል የሁለት ዓለም መርከቦችን በሁለት ዓይነት መለዋወጫና በሁለት ዓይነት ሥልጠና ማስተዳደር ግድ ሆነበት። በ1983 የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ “ኢትዮጵያ”ም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ምጽዋን ያሳጣን ጦርነቱ እንጂ የመሣሪያ ዓይነት አይደለም። ሆኖም አቅራቢ ሀገር ፊቱን ባዞረ ቁጥር ከዜሮ መጀመር ያኔ የከፈልነው ዋጋ ነው። ዛሬም ከፓሪስና ከሞስኮ ጋር በአንድ ጊዜ እየተነጋገርን ነው።

ሌሎች የክፍት አወቃቀርን መንገድ ቀደም ብለው ሄደዋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ መጨረሻ የሰርጓጅ መርከቦቹን ሶናር ገበያ ላይ በሚገኝ ኮምፒውተር እየተካ በየጊዜው ያለ ትልቅ ወጪ ማደስ ጀመረ። ከአውሮፓውያኑ 2019 ወዲህ የሚጀመሩ ዋና ዋና የመከላከያ ግዥዎችም ክፍት አወቃቀር እንዲኖራቸው በሕግ ግዴታ ሆኗል። ለእኛ የበለጠ የምትቀርበው ግን ትንሿ ዴንማርክ ናት። 14ቱ ፍሊቨፊስከን የተባሉት መርከቦቿ መድፍ፣ ሚሳይል ወይም ፈንጂ ማጽጃ በኮንቴይነር መልክ ይፈራረቅባቸው ነበር። መርከቦቹ ጡረታ ሲወጡ ዕቃዎቹ ወደ አዳዲሶቹ ተዛውረው አገልግለዋል።

ክፍትነት በራሱ ግን ዋስትና አይሆንም። አሜሪካ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርታ ለጠረፍ ውጊያ መርከቦቿ ያሠራችውን የፀረ ሰርጓጅ ክፍል ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰች በኋላ በአውሮፓውያኑ 2022 ሰርዛዋለች። ያልተፈተነው ክፍል አስቀድሞ መርከብ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ነበርና። ደንቡን አንብቦ የሚመረምር የራስ ባለሙያ በሌለበትም በእጃችን የሚገባው ሰነድ የመደርደሪያ ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ መከላከያ ሚኒስቴር የመጀመሪያውን ትልቅ የመርከብ ውል ከመፈረሙ በፊት የመጋጠሚያ ሰነዶቹ ለኢትዮጵያ እንዲሰጡ፣ ያለ አምራቹ ፈቃድም በሌላ አቅራቢ ለማደስ እንዲውሉ የሚያስገድድ አንቀጽ በግዥ መመሪያው ያስገባ። ርክክቡም ክፍሎቹ ተቀይረው እንደሚሠሩ በተግባር ከታየ በኋላ ይፈጸም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ከድርድሩ ጀምሮ ይግቡ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንም ለዚሁ ሥራ ከአሁኑ ይሠልጥኑ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ደግሞ ምስጢሩ እንደተጠበቀ፣ ይህ አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ሚኒስቴሩን ጠርቶ ይጠይቅ።