ቀላል ሽጉጥ፣ ከባድ ጣጣ

«ሽጉጥ ቀላሉ ነው ደጉ፤ ወገብ አይጎትትም» የሚል ሰው ደብረ ብርሃን ላይ አይጠፋም። «ብረት ብረት ነው፤ ከባዱን ያዝ» የሚለውም እንዲሁ። መሣሪያ በሰሜን ሸዋ የቆየ ጨዋታ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሻምበል ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል 300 ጠመንጃዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህም አያቶቻችን ናስማስሩን ከውጅግራው፣ ውጅግራውን ከምንሽሩ ሲያወዳድሩ ኖረዋል። ክርክሩ ባለ ከበሮው ሽጉጥ ማለትም ሪቮልቨር ላይ ሲደርስ ግን እኔ ከከባዱ ወገን ነኝ።

አልሙኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ አካሉ ከአልሙኒየም ቅይጥ የተሠራ ትንሽ ሪቮልቨር 400 ግራም አካባቢ ሲመዝን፣ የማይዝገው ብረት፣ ስቴንለሱ፣ ከ540 እስከ 600 ግራም ይደርሳል። ጥይቱ ግን ያው ነው። ያው ባሩድ ቀላሉን አብዝቶ ያራግጠዋል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለተኛው ጥይት ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ይወቀው። ከባዱ ርግጫውን ራሱ ይውጠዋል።

ቀላልነት ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ በ1950ዎቹ የአሜሪካ አየር ኃይል አይቶታል። ለበረራ ሠራተኞቹ አካሉም ከበሮውም አልሙኒየም የሆነ ሪቮልቨር አሠርቶ ነበር። ከበሮው ግፊቱን አልችል ሲል መሣሪያው ተሰብስቦ አብዛኛው እንዲወድም ተደረገ። ዛሬ የቅይጥ አካል ያላቸው ሪቮልቨሮች ከበሯቸው በአብዛኛው ብረት የሆነው ያለ ነገር አይደለም።

ዝገትስ? ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1965 ሞዴል 60ን ከስቴንለስ ሠርቶ ያወጣው ላብና እርጥበት ብረት ስለሚበላ ነው። የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። እርግጥ ስቴንለስም በእርጥብ ቆዳ ማኅደር ውስጥ ተረስቶ ከከረመ ይዝጋል። አልሙኒየም ደግሞ እንደ ብረት ባይቀላም ቀለሙ ሲላጥ ይቦረቦራል። ዘይትና ጨርቅ ከሁለቱም አይቀርም።

የቀላሉ ወዳጆች «ቀኑን ሙሉ ብትይዘው አይታወቅህም» ይላሉ። የእኔም ፍርሃት እሱ ነው! የማይታወቅ ሽጉጥ ሰርግ ቤትም፣ ጠላ ቤትም፣ ለቅሶም አብሮ ይገባል። ሞቅ ሲል ይመዘዛል፣ ለደስታ ተብሎ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም፤ የሰው ልጅ ላይ ይወርዳል። ከባዱ ቢያንስ ወገብን እየቆነጠጠ «መሣሪያ ይዘሃል፣ ተጠንቀቅ» ይላል።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። ፈቃድ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ምክሬ አጭር ነው፦ ከባዱን ምረጥ፣ ዘይት ቀባው፣ ልጆች በማይደርሱበት ቆልፍበት። ሰርግ የተጠራህ ዕለት ደግሞ እዚያው ተወው፤ ለሙሽሮቹ እልልታው ይበቃቸዋል።