የኢዮብ ወዳጆች ዛሬም አሉ

ሰው ሲሞትበት ወይም ሲታመም ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ማጽናናቱ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ከመልካሙ ልማድ ጋራ እንደ እንክርዳድ አብሮ የበቀለ አንድ ክፉ ንግግር አለና ስለ እርሱ ልንጽፍ ወደድን። ይኸውም መከራ የጸናበትን፣ ጸሎቱም ያልተሰማ የመሰለውን ሰው፣ «ኃጢአትህን መርምር፤ እምነትህ ባይጐድል እግዚአብሔር ዝም ባላለህ ነበር» የሚለው ነው። ልጅዋን ቀብራ የተመለሰች እናት ይህን ቃል ትሰማለች፤ ዓመት ሙሉ ከአልጋው ያልተነሣ በሽተኛም ይሰማዋል። ተናጋሪው ስለ ሃይማኖት የቀና ይመስለዋል። እኛ ግን ንግግሩ ከሃይማኖት ወገን እንዳይደለ፣ ብዙ ነፍስንም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳራቀ እንናገራለን።

አስቀድመን መጽሐፍን እንጠይቅ። ኤልፋዝና በልዳዶስ ሶፋርም የኢዮብን መከራ ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ እውነተኞች ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙ መስሏቸው ንጹሑን ሰው ከሰሱት። ኢዮብ በበኩሉ የተወለደባትን ቀን ረገመ፤ ከእግዚአብሔርም ጋራ ሊሟገት ፈለገ። የዛሬ ሰው ዳኛ ቢሆን ኖሮ ለወዳጆቹ ፈርዶ ኢዮብን ከሐዲ ባለው ነበር። በ42ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ፍርድ ግን ሌላ ነው፤ እግዚአብሔር ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ እንደ ሆነ መሰከረ፤ ወዳጆቹም በኢዮብ ጸሎት ይቅርታ እንዲያገኙ አዘዘ። ከ38ኛው ምዕራፍ ጀምሮ በዐውሎ ነፋስ ሆኖ ሲናገረውም የመከራውን ምክንያት አልገለጠለትም። ኢዮብም ምክንያቱን ሳያውቅ ረካ፤ የሚያነጋግረውን አግኝቷልና።

ጌታችንም ይህንኑ አጸና። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተማረ፤ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በጠየቁት ጊዜም በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። ሰካራም በስካሩ፣ ሌባም በሌብነቱ መከራ እንደሚያገኘው አንክድም፤ ይህ በዓይን የሚታይ ነው። የማይታየውን በደል ግን በወንድማችን ቍስል ላይ መፈለግን ከማን ተማርነው?

ከአገራችን ታሪክ አንድ ምስክር እንጥራ። ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል ነው። በ1929 ዓ.ም. ይህ በዓል በተከበረ ማግስት፣ ግንቦት 13 ቀን፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ በላከው ወሬ የተገደሉትን መነኮሳት 297 አደረጋቸው፤ ኋላ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ግን የሟቾቹ ቍጥር ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አስረዱ። በዚያን ቀን ከሰማይ እሳት አልወረደም፤ የገዳዮቹም እጅ አልደረቀም። እንግዲህ ዝምታ የኃጢአት ቅጣት ነው የሚል ሰው ይንገረን፤ ከሟቾቹና ከገዳዮቹ ኃጢአተኛው የትኛው ነበር? ሌላው ደግሞ «በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ተመለሰ፤ መልሱ እርሱ ነው» ይለናል። ለአገር እውነት ነው፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። በሸለቆው ለወደቀው መነኩሴ ግን የ1933ቱ ነጻነት አልደረሰለትም። ለእርሱ ያለው መልስ ትንሣኤ ሙታን ነው፤ እርሱንም ከእርሱ ጋራ ገና እንጠብቃለን።

«ማጕረምረምን ከፈቀዳችሁ ክህደት ይከተላል» የሚሉን አሉ። ለእነዚህ መልሳችን በየዕለቱ የሚደግሙት ዳዊት ነው። በግዕዙ ቍጥር 87ኛው መዝሙር ወዳጅና ዘመድ መራቃቸውን ነግሮ ያለ አንዳች ምስጋና ይፈጸማል፤ አባቶቻችንም ከ150ው አላወጡትም። በዕለተ ዓርብ በ9 ሰዓት ወልድ ራሱ የተተወ ሰው ጩኸት ጮኸ። ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽ ሰው ከእግዚአብሔር አልራቀም፤ የካደ ሰው ክሱን ለማን ያቀርባል? «ተመስገን» የሚለው ቃል ከተጨነቀው ሰው ከራሱ አፍ ሲወጣ አክሊል ነው፤ ሌላው ሰው በግድ ሲያስብለው ግን ቀንበር ይሆናል።

ደግሞም ይህ ንግግር የሚያመጣውን ጥፋት እንይ። የመከራውን ምክንያት እንዲፈልግ የታዘዘ ምስኪን በንስሓ አባቱ ዘንድ ባያገኘው ወደ ጠንቋይ ቤት ይሄዳል፤ በዚያ ምክንያት በብር ይሸጣልና። የስውሩን ነገር ምክንያት ዐውቃለሁ ማለት የጠንቋይ ገበያ ነው፤ ካህን ሊሻማው አይገባውም።

በሌላው ወገን ደግሞ «ዝም ካለ የለም» የሚሉ የተማሩ ወንድሞች አሉ። እነዚህም ከኢዮብ ወዳጆች እጅግ አልራቁም፤ ሁለቱም እግዚአብሔር ወዲያው መመለስ አለበት ብለው ተነሥተዋልና። ቤተ ክርስቲያን ግን በቀዳም ሥዑር ጧት ጌታ ገና በመቃብር ሳለ ቀጤማ ታድላለች፤ ሕዝቡም ጾሙን ሳይፈታ በራሱ ላይ ያስረዋል። የመቃብሩን ዝምታ አልካደችም፤ መጨረሻ ግን አላደረገችውም። በመከራ ጊዜ የሚጠበቅ ሃይማኖት ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ካህናት አባቶችና የከተማ ምእመናን ሆይ፣ ወደ ልቅሶ ቤት በገባችሁ ጊዜ ከኢዮብ ወዳጆች የፊተኛውን ሰባት ቀን ውሰዱ፤ የኋላውን ንግግራቸውን ግን ተዉላቸው። ከተጨነቀው ጋራ ተቀመጡ፤ እንጀራም ይዛችሁ ሂዱ፤ መጸለይ ቢያቅተው ዳዊቱን ስለ እርሱ ድገሙለት። «እግዚአብሔር ለምን ዝም አለኝ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አላውቅም በሉት፤ በማግስቱም ተመልሳችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ።